የግምጃ ቤቱ ቁልፍ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ጆሃንስበርግ አሥራ ሁለት ዓመት ነግዶ የኖረ አንድ ወዳጄ ለእረፍት መጣና «የእናቴን ዘመዶች ልጠይቅ ነው፤ አብረን እንሂድ» አለኝ። የእናቱ አገር ግምጃ ቤት ነው። ግምጃ ቤት በአዊ ዞን የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ከእንጅባራ ብዙም የማትርቅ ደገኛ ከተማ። እኔም ከአዲስ አበባ ለመውጣት ሰበብ ስፈልግ ነበርና እሺ አልኩ።

የአባይን በረሃ ወርደን ስንወጣ፣ መንገድ ለማሳጠር ያህል፣ «እዚያ አገር እንግዳ ሲመጣብህ ምን ታሳየዋለህ?» ብዬ ጠየቅኩት። ያው ሰማይ ጠቀስ ፎቅ፣ የገበያ አዳራሽ፣ አንበሳ ያለበት ፓርክ ይለኛል ብዬ ነበር።

«እስር ቤት» አለኝ።

የቀለደ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ጆሃንስበርግ የአዲስ አበባ እኩያ ናት። እ.ኤ.አ. በ1886 ወርቅ ተገኘ ተብሎ ሰው ሜዳው ላይ ድንኳን ሲተክል ተጀመረች፤ አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በዚያው ዘመን ነው። ባሕር የላትም። ሐይቅ ዳር አልተሠራችም። መሐሏን የሚያቋርጥ ትልቅ ወንዝ የለም። ኬፕ ታውን ተራራና ውቅያኖስ ስላላት ጎብኚ ፈልጓት ይመጣል። ጆሃንስበርግ ግን ለእንግዳ የምትዘረጋው እንዲህ ያለ መልክ ስላልነበራት ያላትን አሳየች። ያላት ደግሞ ቁስል ነበር።

ዛሬ «የሕገ መንግሥት ኮረብታ» የሚባለው ቦታ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ወደ ዘጠና ዓመት ያህል እስር ቤት ነበር። ጋንዲ እ.ኤ.አ. በ1908 ታስሮበታል። «ቁጥር አራት» በሚባለው ክፍል ጥቁር እስረኞች ይታጎሩ ነበር። እስር ቤቱ በ1983 ተዘጋ። አፓርታይድ ከወደቀ በኋላ የአገሪቱን የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት የት እንሥራ ሲባል፣ እዚያው እስር ቤቱ ግቢ ውስጥ ሠሩት፤ በ2004 ተመረቀ። ፍርድ የሚጠባበቁ እስረኞች ይቀመጡበት የነበረውን ሕንፃ አፍርሰው ጡቡን ለአዲሱ ፍርድ ቤት አዋሉት፤ የደረጃዎቹን ማማዎች ግን እንደቆሙ ተዋቸው። እንግዲህ ጎብኚው በአንድ ጠዋት ሰው የተዋረደበትን ክፍልና የሰው መብት የሚዳኝበትን አዳራሽ አይቶ ይወጣል ማለት ነው።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያ የአፓርታይድ ሙዚየም እወስደዋለሁ።» ይኸኛው በ2001 የተከፈተ ነው። ትኬት ስትቆርጥ፣ መልክህ ምንም ይሁን ምን፣ በዕጣ «ነጭ» ወይም «ነጭ ያልሆነ» የሚል ይደርስህና በሁለት የተለያየ በር ትገባለህ። ባልና ሚስት ሳይቀሩ በር ላይ ይለያያሉ። ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ግን ያቺ ጥቂት ደቂቃ ከብዙ መጽሐፍ ትበልጣለች ይላል ወዳጄ።

ቀጥሎ ሶዌቶ። ቪላካዚ የሚባል አንድ መንገድ አለ፤ የኖቤል የሰላም ሽልማት ያገኙ ሁለት ሰዎች፣ ዴዝሞንድ ቱቱና ኔልሰን ማንዴላ፣ ቤታቸው እዚያው መንገድ ላይ ነበር። የማንዴላ ቤት ቁጥሩ 8115 ነው፤ ጠባብ፣ በጡብ የተሠራ ተራ ቤት። ከዚያ ብዙ ሳይርቅ የሄክተር ፒተርሰን ሙዚየም አለ። ሰኔ 1976 እ.ኤ.አ. ተማሪዎች በአፍሪካንስ ቋንቋ አንማርም ብለው ሰልፍ ሲወጡ ፖሊስ ተኮሰባቸው። ሄክተር ገና ልጅ ነበር። አንድ ወጣት አቅፎት ሲሮጥ፣ እህቱ ከጎኑ እያለቀሰች ስትሮጥ የሚያሳየውን ፎቶግራፍ ሳም ንዚማ አነሳው፤ ዓለም አየው። ያ አቅፎት የሮጠው ወጣት፣ ምቡዪሳ ማኩቦ፣ ከዚያ ቀን በኋላ አገር ጥሎ ተሰደደ፤ እንደወጣ ቀረ። ሙዚየሙ የተከፈተው ከ26 ዓመት በኋላ በ2002 ነው።

ልብ በሉልኝ። አንድ እስር ቤት፣ አንድ ጠባብ ቤት፣ አንድ ፎቶግራፍ። ከእነዚህ አንዱም «ውብ» የሚባል አይደለም። ሰው ግን ከዓለም ዳርቻ ቲኬት ቆርጦ ይመጣል። ለምን ቢባል፣ በእያንዳንዱ ቦታ ላይ ስሙ የሚታወቅ ሰው አለ። ቦታው የሰው ታሪክ ስላለው ቦታ ሆነ።

ወዳጄ እስር ቤቱን ሲጎበኝ አንድ ነገር ልቡን እንደነካው ነገረኝ። ማንዴላ በ1962 ከአገሩ በድብቅ ወጥቶ አዲስ አበባ በተደረገ የአፍሪካ ነፃነት ታጋዮች ጉባኤ ላይ ተናገረ፤ በኋላም ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና ወሰደ። ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ሲበር የአየር መንገዳችን አብራሪ ጥቁር መሆኑን አይቶ እንደደነገጠ ራሱ በሕይወት ታሪኩ ጽፎታል። ወደ አገሩ በተመለሰ በሳምንታት ውስጥ ተያዘና እዚያ ኮረብታ ላይ ታሰረ። ከተከሰሰባቸው ነገሮች አንዱ ያለ ፈቃድ ከአገር መውጣት ነው። «ለካ የታሰረበት አንዱ ምክንያት እኛ ጋ መምጣቱ ነው» አለኝ ወዳጄ፤ «አሥራ ሁለት ዓመት እዚያ ስኖር ስደተኛ ያልሆንኩበት ቀን ያ ብቻ ነው።»

ይህን ስናወራ እንጅባራን አለፍን፤ ግምጃ ቤት ደረስን።

ያረፍነው የእናቱ አጎት ቤት ነው። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው እሳት ዳር የሚቀመጡ ሽማግሌ ናቸው። ከቤተሰቡ ጋር በአውንጊ ያወራሉ፤ ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ። ቡና እየተፈላ ወዳጄ የልጅ ልጃቸውን፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ «እስቲ እንግዳ ባመጣ እዚህ አገር ምን አሳየዋለሁ?» አለው።

ልጁ እንደ ጥያቄና መልስ ውድድር ተወርውሮ ቆጠረለት። ዘንገና ሐይቅ፤ እሳተ ገሞራ የፈጠረው፣ ክብ ለመሆን ጥቂት የቀረው፣ ስፋቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱ ከ160 ሜትር የሚበልጥ። ጥርባ ሐይቅ። ፋንግ ፏፏቴ። ዶንዶር ፏፏቴ። የቀርከሃ ደን። በመጨረሻም ጥር 23 በእንጅባራ የሚከበረው የፈረሰኞች በዓል። ጎበዝ ልጅ ነው፤ አንድም አልሳተም።

ሽማግሌው እሳቱን ቆስቆስ አደረጉና፣ «ውሃና ፈረስ ብቻ ነው እንዴ ያለን?» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ፈረሱ ላይ የተቀመጠው ማን ነው?»

ማንም አልመለሰላቸውም። እኔም እስካሁን በቅጡ አልመለስኩላቸውም። ነገሩን ሳስበው ግን ልጁ ጥፋተኛ አይደለም። ይህን አገር ሊያይ የመጣ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ ያየው ውሃውን ነው።

ፔድሮ ፓኤዝን እንውሰድ። ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ ግሽ አባይ ደረሰ። የጥንት ነገሥታት ሊያዩት ተመኝተው ያላገኙትን ምንጭ አየሁ ብሎ ፈጣሪውን አመሰገነ። መጽሐፉ ግን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሙሉ ሳይታተም ቆየ። ከእሱ 152 ዓመት በኋላ፣ ኅዳር 4 ቀን 1770 እ.ኤ.አ.፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እዚያው ምንጭ ላይ ቆመ። በኮኮናት ልጣጭ ጽዋ ውሃውን ቀድቶ ለአገሩ ንጉሥ ለሳልሳዊ ጆርጅ ጤና ጠጣ። የፓኤዝን መቅደም ላለመቀበል ብዙ ቀለም አፈሰሰ። ይባስ ብሎ አብሮት የመጣውን ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒን፣ ሰውየው የሞተው በ1771 ጎንደር ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ ከግሽ ጉዞ በፊት የሞተ አስመስሎ ከታሪኩ አወጣው። ምንጩን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ ለማለት።

ብሩስን ግን በአንድ ነገር አመሰግነዋለሁ። ሳያስበውም ቢሆን ሰዎቹን ጽፎልናል። በግሽ ዙሪያና በዳሞት የሚኖሩት አገዎች ከብት፣ ማር፣ ቅቤና ሰም ጭነው በብዛት እየተከታተሉ ወደ ጎንደር እንደሚወርዱና ከተማዋን እንደሚመግቡ ይናገራል። ያስተናገደውን፣ ምንጩን የሚጠብቀውን ሽማግሌ ስሙን ሳይቀር ጽፏል፤ ክፍለ አባይ ይባላል። እስቲ ይታያችሁ። ጎንደርን ልንጎበኝ ስንሄድ ግንቡን እናያለን፤ አስጎብኚው ማን እንዳሠራው ይነግረናል። በዚያ ግንብ ውስጥ ይጣል የነበረው ጠጅ ማሩ ከየት እንደመጣ የሚነግረን የለም።

ከዚያ ደግሞ ቺዝማን መጣ። ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ የተቀመጠ የብሪታንያ ቆንሲል ነው። ዳንግላ ላይ ቆንሲል ምን ይሠራል ብትሉ፣ ብሪታንያ ሱዳንና ግብፅን ይዛ ዓይኗ ጣናና አባይ ላይ ነበር። ቺዝማን ግን ከቆንሲልነቱ ይልቅ አሳሽነቱ ይበልጣል። የአባይን ሸለቆ በበቅሎና በእግር ተከትሎ፣ ካርታ ላይ በግምት የተሰመረውን መስመር አቃንቶ፣ በ1936 መጽሐፍ አሳተመ። ጥሩ መጽሐፍ ነው። ርዕሱ ግን ጣና ሐይቅና ጥቁር አባይ ይላል። አሁንም ውሃ።

እንዲህ ሆኖ ሦስት መቶ ዓመት አለፈ። ፈረንጁ ውሃ ፈልጎ መጣ፤ ውሃ አየ፤ ውሃ ጻፈ። እኛም ለቱሪዝም ወረቀት ስናዘጋጅ የእሱን ዓይን ተውሰን ውሃ ጻፍን። ለእሱ አልፈርድበትም፤ የመጣው ለዚያ ነው። እኛ ግን እዚሁ ነን።

ታዲያ ፈረሱ ላይ የተቀመጠው ማን ነው?

የአዊ ሕዝብ ራሱን «ሰባት ቤት አገው» ይላል። በአፈ ታሪኩ ሰባት ወንድማማቾች ናቸው፤ አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ቻራ፣ ኳኩራ፣ መተከልና ዚገም። ግምጃ ቤት ያለችበት ወረዳ ስም እንግዲህ ከእነዚህ ወንድማማቾች ከአንዱ የመጣ ነው። ፈረስ በዚህ አገር ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ያርሳል፣ ይጭናል፣ ሙሽራ ያመጣል፣ ለቅሶ ይደርሳል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም ደግሞ ዓድዋ ዘመተ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦራቸውን ይዘው ሲዘምቱ የዚህ አገር ፈረሰኛ አብሮ ሄዷል። ሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው ለዚያ መታሰቢያ ነው።

ማኅበሩ የተመሠረተበትን ዓመት አስተውሉልኝ፤ 1932 ዓ.ም። አገሪቱ በጣሊያን እጅ በነበረችበት ጊዜ! ጠላት ዳንግላ ላይ ጦር አስፍሮ ሳለ፣ ገበሬ ተሰብስቦ «ዓድዋ ላይ የዘመቱ ፈረሶቻችንንና አባቶቻችንን እናስብ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ እተዋለሁ። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም ንጉሡ በኦሜድላ ገቡ፤ በየካቲት ጣሊያን ዳንግላን ለቆ ወደ ባሕር ዳር ሸሸ። ማኅበሩ ግን ዛሬም አለ። በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ አባላት አሉት፤ የተጣላ ያስታርቃል፣ ያዘነ ያጽናናል፣ ጥር 23 ፈረሱን ሸልሞ ጉግስ ይጫወታል።

እዚህ ላይ ሽማግሌው የነገሩንን ልንገራችሁ።

«የአፄ ምኒልክ ፈረስ ማን ይባላል?» አሉ። «አባ ዳኘው» አልን ተሽቀዳድመን። «የአፄ ቴዎድሮስስ?» «አባ ታጠቅ።» «የባልቻስ?» «አባ ነፍሶ።» «የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትስ?» ልጁ ቀደመን፤ «አባ ጠና።» ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «መልካም። የአያቴስ ፈረስ?»

ዝም አልን። ከየት እናውቃለን?

ነገሩን። አያታቸው ከዚያው ከአንከሻ እንደዘመቱ፣ ፈረሳቸው ምን ዓይነት እንደነበር፣ በመልስ ጉዞ ፈረሱ የት ላይ እንደወደቀባቸው፣ ኮርቻውን በትከሻቸው ተሸክመው በእግር እንደገቡ፣ ቤት ሲደርሱ ሚስታቸው ኮርቻውን አይታ ሰውየው የሞተ መስሏት እንደጮኸች። አባታቸው ማኅበሩ ሲጀመር ከገቡት አንዱ እንደነበሩና መጀመሪያ ያነሱት የዚያን ፈረስ ስም እንደሆነ። ስሙንም ነገሩን።

ብዕር ኪሴ ውስጥ ነበር። ስልኬም መቅጃ አለው። ግን ቡናው ይጣፍጣል፣ እሳቱ ይሞቃል፣ ጨዋታው ደርቷል፤ «ነገ እጽፈዋለሁ» አልኩ። በነጋታው ዘንገና ሄደን ፎቶግራፍ ተነሳን። ሐይቁ እውነትም ያምራል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ሆነ። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሳው ግጭት ጎብኚ ቀረ፤ ጎብኚ ብቻ ሳይሆን ዘመድም ዘመዱን እንደልቡ መጠየቅ አቃተው። በዚህ መሐል ሽማግሌው ማረፋቸውን ሰማሁ። ለቅሶ መድረስ አልቻልኩም። ወዳጄም ከጆሃንስበርግ መምጣት አልቻለም፤ በስልክ ተላቀስን። ሲረጋጋ «ለመሆኑ የዚያ ፈረስ ስም ማን ነበር?» አለኝ።

ረስቼዋለሁ። እሱም ረስቶታል።

ግምጃ ቤት ማለት እኮ የመንግሥት ወይም የቤተ ክርስቲያን ውድ ዕቃ የሚቀመጥበት ቤት ነው። ዕቃው በዝርዝር ይያዛል፤ የሚጠብቀው በጅሮንድ አለው፤ ቁልፉ የሚታወቅ ሰው እጅ ነው። በጅሮንዱ ሲሞት ቁልፉን ለተተካው ያስረክባል። የእኛ ግምጃ ቤት ግን ዝርዝሩ ያለው በሽማግሌ አፍ ነው። ሽማግሌው ሲሞት ቁልፉ አብሮት ይቀበራል። በሩ ግን እዚያው ቆሞ ይታያል፤ ሰው ፎቶ ይነሳበታል።

ደቡብ አፍሪካውያን ከእኛ የተሻለ ታሪክ ስላላቸው አይደለም። የተሻለ ገንዘብ አላቸው ትሉኝ ይሆናል፤ አዎ፣ አላቸው። ግን ያቺ የሶዌቶ ፎቶግራፍ የተነሳችው በገንዘብ አይደለም፤ አንድ ሰው ካሜራውን በዚያች ቅጽበት ስላላወረደ ነው። የልጁም ስም የተረፈው ሰው ስለጠየቀና ስለጻፈ ነው። ሕንፃው ከ26 ዓመት በኋላ ነው የመጣው። እኛ ጋ ሁልጊዜ ከሕንፃው እንጀምራለን፤ ሎጅ ይሠራ፣ መንገድ ይጠረግ፣ ሐውልት ይቁም እንላለን። ይሁን፣ መልካም ነው። ነገር ግን ስም የሌለው ሐውልት ድንጋይ ነው።

ብዙ አልጠይቅም። ፈረሰኛው በየዓመቱ ጥር 23 ይሰበሰባል። ከበዓሉ በፊት በነበሩት ሳምንታት በየቀበሌው ያለ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በእድሜ የገፋ አንድ ሰው ዘንድ ሄዶ፣ በአውንጊም በአማርኛም፣ አራት ጥያቄ ይጠይቅ። አባትህ አያትህ ዘምቷል ወይ? ከየት ተነስቶ? በማን ፈረስ? የፈረሱ ስም ማን ይባላል? መልሱን ደብተር ላይ ያስፍር፤ ድምፁን በስልክ ይቅዳ። እንጅባራ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ደብተሮቹን የሚሰበስብ አንድ ክፍል አይጠፋም። የዚያን ጊዜ አገር ሲረጋጋና እንግዳ ሲመለስ፣ ያ ልጅ ዘንገናን አሳይቶ ሲያበቃ «አሁን ደግሞ ፈረሱ ላይ የተቀመጠውን ላስተዋውቅህ» ይላል።

ስለዚያ ልጅ አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ አድጓል። ባለፈው ደወለልኝ። አያቱ ከሞቱ ወዲህ የፈረሱን ስም እያፈላለገ ነው። አንዲት በእድሜ የገፉ አክስት አግኝቶ ጠይቋቸዋል። «አባ» ብሎ እንደሚጀምር እርግጠኛ ናቸው፤ ቀጥሎ ያለው ምላሳቸው ላይ አለ፣ ግን አልመጣላቸውም።

«በፋሲካ ተመልሼ እጠይቃቸዋለሁ» አለኝ።

በፋሲካ አትበል፣ ነገ ሂድ አልኩት።